ጉድ ሮድስ ቬኒዮ እንዲህ አልነበረም፦ ለአንድ ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ስለ ፒየር-ዣን ቬኒዮ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ላከልኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስለዚህ ሰውዬ በአማርኛ የሚጽፍ ይኖራል ብዬ በህልሜም አስቤ አላውቅም። እኔ የምኖረው ሞንክተን ነው፤ ኒው ብሩንስዊክ፣ ካናዳ። ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ስለሆነ የክፍለ ሀገሩን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ። የቬኒዮን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ባተርስት ከተማ ዕቃ ሳወርድ ነው። ስለ መንገዱ ሳማርር አንድ ሽማግሌ ሰምተውኝ «ይሄማ ምን አለው፣ ከቬኒዮ በፊት የነበረውን ብታይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሰውዬው ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ጽሑፉን ስጨርስ ግን ደስታው በረደልኝ። ላላነበባችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት ቬኒዮ «ፈረንሳዊ» ነው። በ1923 በሕዝብ ተመርጦ በካናዳ የመጀመሪያው የአካዲያን ተወላጅ የክፍለ ሀገር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ዕድሜ ልኩን ለፈረንሳይኛ ቋንቋ ታገለ። መንገድ ከመሥራት በቀር ሌላ ሥራ አልሠራም፣ ለመንገዱም ብሎ አገሩን ዕዳ ውስጥ ዘፈቃት። በ1925 ኩ ክለክስ ክላን የተባለው ዘረኛ ቡድን ከሥልጣን አወረደው። ከዚያ በኋላ ፖለቲካው አበቃለት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የእኔም እንደዚያው።)

እንግዲህ በተራ እንያቸው። አንዳንዱ ቶሎ ያልቃል፣ አንዳንዱ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

«ፈረንሳዊ» የሚለው ቶሎ የሚያልቅ ነው። ቬኒዮ የተወለደው ኒው ብሩንስዊክ ውስጥ ሪቺባክቶ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው፣ በ1863። አካዲያን ነው። አካዲያኖች በ1600ዎቹ ከፈረንሳይ ተነስተው በዚህ በኩል ባለው የአትላንቲክ ዳርቻ የሰፈሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ቤታቸውን እያቃጠሉ፣ በመርከብ እየጫኑ በተኗቸው። ብዙው አለቀ፣ የተረፈው ተደብቆም ተመልሶም እንደገና ጎጆ ቀለሰ። ከኩቤክ ሰዎች ጋር ቋንቋ ይጋራሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የራሳቸው ባንዲራ አላቸው፣ ከ1884 ጀምሮ። በዓላቸውም ኦገስት 15 ነው፣ ፍልሰታቸው በሉት። በዚያ ቀን ሰው ድስትና ክዳን ይዞ እየደበደበ አደባባይ ይወጣል፣ አለን ለማለት። እኔም መጀመሪያ እንደመጣሁ አንዱን የሥራ ባልደረባዬን «ፈረንሳዊ ነህ እንዴ?» ብዬ ጠይቄው ያየኝን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ ጸሐፊውን በዚህ ብዙም አልፈርድባቸውም።

«በሕዝብ ተመርጦ፣ የመጀመሪያው» የሚለው ግን ዓይን ያወጣ ስህተት ነው፤ እሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት። በካናዳ የመጀመሪያው የአካዲያን ተወላጅ የክፍለ ሀገር መሪ ኦበን-ኤድሞን አርሰኖ ነው፣ በጎረቤት በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት፣ ከ1917 እስከ 1919። ቬኒዮ ከአካዲያን የመጀመሪያ የሆነው ለኒው ብሩንስዊክ ነው። በሕዝብ ድምፅም አልወጣም። ከሱ በፊት መሪ የነበረው ዋልተር ፎስተር በፌብሩዋሪ 1923 ሥልጣኑን ሲለቅ የሕዝብ ሥራዎች (የመንገድና የድልድይ) ሚኒስትሩ ቬኒዮ ወንበሩን ተረከበ። የሚገርመው አርሰኖም የቀደመው መሪ ሲለቅ ነው ቦታውን የያዘው፣ እሱም ምርጫ ሲመጣ ወደቀ። ኒው ብሩንስዊክ ውስጥ ምርጫ አሸንፎ መሪ የሆነ የመጀመሪያው አካዲያን ሉዊ ሮቢሾ ነው። 1960። ቬኒዮ ከወረደ ከ35 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን ልዩነት መዝለል ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም የ1925ን ምርጫ የሚያስረዳን እሱ ነው። እመለስበታለሁ።

አሁን ቋንቋው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ቅዱስ ሊያደርጉት ፈልገዋል፣ እኔ ደግሞ ሰውዬው ሰው ሆኖ ቢቀር ይሻለኛል። ቬኒዮ ያደገው ፒክቱ ነው፣ ኖቫ ስኮሻ፣ የስኮትላንድ ዝርያዎች የበዙባት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከተማ። የተማረውም እዚያ ነው። በፖለቲካ የሚታወቀው ፒተር ጄ. ቬኒዮ በሚል ስም ነው፤ ፒየር-ዣን እያልን የምንጠራው እኛ ነን። ይህ ማለት ግን ከሐዲ ነበር ማለት አይደለም። ከማተሚያ ቤት ሠራተኝነት ተነስቶ ባተርስት ላይ ለ ኩሪዬ ዴ ፕሮቨንስ ማሪቲም የተባለውን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ባለቤት ሆኖ ያሳተመ ሰው ነው። በ1894 ግሎስተር ካውንቲን ወክሎ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሲገባ ደግሞ ባተርስት በትምህርት ቤት ጉዳይ ትታመስ ነበር። የ1871ዱ ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት አይሰጥም ይላል። ካቶሊኮቹ አልዋጥ አላቸው። በ1875 ካራኬ ላይ በዚሁ ጉዳይ ተኩስ ተከፍቶ ሁለት ሰው ሞቷል። ባተርስት ላይ ደግሞ መነኮሳት በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምሩ ወይስ አያስተምሩ በሚል ነው ክርክሩ። ቬኒዮ የካቶሊኮቹ ወገን ነበር። እንግዲህ ትግል ከተባለ ትግሉ ከቋንቋ ይልቅ የሃይማኖትና የትምህርት ቤት ነው፤ ያኔ ሁለቱ እንደ ሰርገኛ ጤፍ የተቀላቀሉ ስለነበሩ ጸሐፊው ቢምታታባቸው አልፈርድም።

መሪ ከሆነ በኋላስ? በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ፈረንሳይኛን የመንግሥት ቋንቋ የሚያደርግ ሕግ አልወጣም። ያ የመጣው በ1969 ነው፣ በሮቢሾ ጊዜ። እንዲያውም ለሁለት ቋንቋ ትምህርት በር የሚከፍት ደንብ በ1928 ያወጣው ቬኒዮን ያሸነፈው የጆን ባክስተር መንግሥት ነው፣ የተቃራኒው ፓርቲ፣ ኮንሰርቫቲቩ! የኦሬንጅ ማኅበር ፕሮቴስታንቶች ጮኹ፣ ደንቡ በዓመቱ ተሰረዘ። ቬኒዮ ቢያወጣው ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር ብላችሁ አስቡት። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካቶሊክ ሆኖ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በሚበዙበት ክፍለ ሀገር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ቋንቋ አፉን ቢከፍት ያተርፍ የነበረው ምንድነው? ዝም አለና መንገድ ሠራ። ለእኔ ይህ ፍርሃት አይደለም፣ ስሌት ነው።

ጸሐፊው ጨርሶ የዘለሉትን አንድ ነገር እዚህ ላስገባ፣ ያለሱ ሰውዬው አይገባንምና። ቬኒዮ በ1900 ምክር ቤቱን ትቶ ባተርስት ላይ የጉምሩክ ሹም ሆነ። ከአሥር ዓመት በላይ ቀረጥ ሲሰበስብ ኖረ። በ1912 የእሱ ፓርቲ ሰዎች፣ ሊበራሎች፣ ምርጫው ላይ ድራሻቸው ጠፋ፣ ከ48 ወንበር ለተቃዋሚነት ሁለት ሰው ብቻ ተረፈላቸው። ይሄኔ ነው ቬኒዮ የተመለሰው፤ በመድረክ ሳይሆን በጓዳ በኩል። ፍራንክ ካርቬል ከሚባል የፌዴራል ፖለቲከኛና ካርተር ከሚባል ጋዜጠኛ ጋር ሆኖ ፓርቲውን ከየመንደሩ መልቀም ጀመረ። ጠላቶቻቸው «የድብቅ ፋኖስ ቡድን» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። መከለያ ያለው፣ ሲፈልጉ ብርሃኑን የሚሸፍኑት ፋኖስ ነው፣ ሌባ የሚይዘው ዓይነት። ስድብ ነው፣ ግን ስድቡ ሥራቸውን በደንብ ይገልጻል። በ1914 ከቀሩት ከሁለቱ ተቃዋሚዎች አንዱ፣ የማዳዋስካው ሉዊ-ኦጉስት ዱጋል፣ ምክር ቤት ውስጥ ተነስቶ መሪው ፍሌሚንግ ከእንጨት ነጋዴዎችና ከባቡር ሥራ ተቋራጮች ገንዘብ አስወጥቷል ብሎ ከሰሰ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዓመቱ ሳያልቅ ፍሌሚንግ ለቀቀ። በ1917 ሊበራሎች 27 ለ 21 አሸነፉ። ሁለት ሰው የነበረው ፓርቲ በአምስት ዓመት መንግሥት ሆነ ማለት ነው። ይህን ሥራ የሠራ ሰው «ደግ የመንገድ ሠሪ» ብቻ አይደለም። ጨዋታውን ያውቃል።

መንገዱን አሁን እናንሳ። ጸሐፊው «ከመንገድ በቀር» ሲሉ መንገድን እንደ ትንሽ ነገር አድርገውታል። እኔ ደግሞ በመንገድ የምኖር ሰው ነኝና ይህ ትንሽ ነክቶኛል።

እዚህ አገር ክረምት ላይ መሬቱ ወደ ታች ድረስ በረዶ ይሆናል። በማርችና በኤፕሪል ሲቀልጥ ከላይ ይላላል፣ ከታች ግን ገና ድንጋይ ነው። ውሃው መሄጃ ያጣል። አስፋልቱ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ዛሬም በየጸደዩ ከባድ መኪና ላይ የክብደት ገደብ ይጣላል። በዚያ ዘመን አስፋልት የለም፣ ጭቃ ነው ያለው። ሰው ዓመት ሙሉ የለፋበትን ድንችና እንጨት ይዞ ባቡር ጣቢያ መድረስ የሚያቅተው ሳምንታት ነበሩ። የመንገድ ሥራ ደግሞ የፓርቲ ወዳጅ መጠቀሚያ ነበር፤ ምርጫ ሲደርስ ሁለት ጋሪ ጠጠር ይደፋል፣ ከዚያ ይረሳል። ቬኒዮ በ1917 የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ሲሆን ይህን ነው የተረከበው። ዋና መንገዶችን ለይቶ ጠጠር አለበሰ፣ ድልድይ ሠራ። በ1919 የፌዴራሉ መንግሥት ለአምስት ዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ከወጪው 40 በመቶ እሸፍናለሁ ሲል ኒው ብሩንስዊክም እጇን ዘረጋች። ቅጽል ስሙ የወጣለት ያኔ ነው፦ «ጉድ ሮድስ ቬኒዮ»። ጥሩ መንገድ ማለት ነው። ለአማርኛ ጆሮ «ጉድ» መባሉ ያስቃል፣ ግን አንዳንዶቹ ወጪውን ሲያዩ በኛው ትርጉምም ጉድ ማለታቸው አልቀረም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ለምን እንደተዘለለ አይገባኝም። ኒው ብሩንስዊክ እንደ እንግሊዝ በግራ ነበር የሚነዳው። በዲሴምበር 1፣ 1922 ወደ ቀኝ ዞረ። የመንገድ ሚኒስትሩ ቬኒዮ ነበር። ጎረቤት ኖቫ ስኮሻ በ1923 ስትከተል ለነንበርግ በሚባለው ካውንቲ የሆነውን ስሙ። በሬዎቹ በግራ መሄድ ለምደዋል። ገበሬው ቢጎትት፣ ቢመታ፣ ወይ ፍንክች። መኪና በቀኝ ይመጣል፣ በሬው በግራ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ባለቤቶቹ ተስፋ ቆርጠው ለቄራ ሸጧቸው። ሥጋ ከመርከሱ የተነሳ ዓመቱን «የነጻ ሥጋ ዓመት» አሉት። በሬ ወለደ የሚሉ ይኖራሉ፣ ግን የሆነ ነገር ነው።

ዕዳውስ? ጨምሯል፣ አልክድም። መንገድ በብድር ነው የተሠራው። ይህ ግማሽ እውነታቸው ነው። «ከመንገድ በቀር ምንም» የሚለው ግን ውሃ አያነሳም። በ1920 የክፍለ ሀገሩ የኤሌክትሪክ ኮሚሽን የተቋቋመው እሱ በነበረበት መንግሥት ነው፣ መብራት የሕዝብ ንብረት ይሁን በሚል። ሙስኳሽ ላይ ግድብ ተሠራ። በ1923 የጸደይ ጎርፍ ሲመጣ ግን ግድቡ ተጎዳ። ለተቃዋሚ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ መሪ በሆነ በወራት ውስጥ! እዚያው መንግሥት ውስጥ በ1918 በእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ የመጀመሪያው የጤና ሚኒስቴር ተቋቁሟል። የዚያ ምስጋና በዋናነት የሐኪሙ የዊልያም ሮበርትስ ነው፣ ለቬኒዮ አልሰጥም። እንደ ጸሐፊው ሁሉን ለአንድ ሰው መስጠት አልፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ። 1925። ጸሐፊው ክላን ጣለው ይላሉ፣ ነጥብ። ታሪኩ ሲነገር ይጥማል፣ አውቃለሁ። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ሰዎች፣ የሚነድ መስቀል፣ አንድ ካቶሊክ መሪ። ክላን ነበር፣ እሱ ሐሰት አይደለም። በዚያ ዘመን ድንበር ማዶ አሜሪካ ሜይን ውስጥ በጣም ገኖ ነበር፣ ወደዚህም ተሻግሯል፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካቶሊክ አይገዛንም እያለም ቀስቅሷል። ግን እስቲ ካርታውን ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው።

በኒው ብሩንስዊክ ምርጫው የተደረገው ኦገስት 10 ነው። ኮንሰርቫቲቮች 37፣ ሊበራሎች 11። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ በፊት፣ ጁን 25፣ ኖቫ ስኮሻ መርጣለች። እዚያ ሊበራሎች ለ43 ዓመት ሥልጣን ላይ ነበሩ። ከ43 ወንበር 40ውን ኮንሰርቫቲቮች ወሰዱት። የኖቫ ስኮሻው ሊበራል መሪ አርምስትሮንግ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አልነበረም። ታዲያ ከቬኒዮ የባሰ የተመታው ለምንድነው? በኦክቶበር ደግሞ የፌዴራል ምርጫ መጣ፣ ከሦስቱ የባሕር ዳር ክፍለ ሀገሮች 29 ወንበር 23ቱ ለኮንሰርቫቲቮች ሆነ። ማዕበሉ የሁሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካ ተዘግቷል፣ የባቡር ታሪፍ ንሯል፣ ወጣቱ ወደ ቦስተን ጎርፏል፣ ኦታዋ (የፌዴራሉ መንግሥት መቀመጫ) ረስታናለች የሚል ቁጣ አገሩን ይዞታል። ኦታዋ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ሊበራሉ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ማኬንዚ ኪንግ ነው። ሊበራል የተባለ ሁሉ የእሱን ዕዳ ከፈለ።

የቬኒዮ የራሱ ጣጣ ግራንድ ፎልስ ነው። በሴንት ጆን ወንዝ ላይ ያለ ፏፏቴ ነው፣ ቁመቱ ወደ 23 ሜትር። ቬኒዮ በሕዝብ ገንዘብ ይገደብ፣ ኃይሉም የሕዝብ ይሁን አለ። የእንጨትና የወረቀት ከበርቴዎች ይህ አልጣማቸውም። ሌላው ሰው ደግሞ ሙስኳሽን አይቷል፣ የመንገዱን ዕዳ አይቷል፣ «አሁን ደግሞ ሌላ ግድብ?» አለ። ጥያቄው የጤነኛ ሰው ጥያቄ ነው። ባክስተር ካሸነፈ በኋላ የሆነው ግን ይኸው ነው፦ ፏፏቴው ኢንተርናሽናል ፔፐር ለተባለው የአሜሪካ የወረቀት ኩባንያ ተሰጠ፣ ጣቢያው በ1928 ሥራ ጀመረ። የክፍለ ሀገሩ ንብረት የሆነው በ1959 ነው። ክላን ላይ ብቻ ካፈጠጥን ይህን ሁሉ አናየውም። ምርጫው ማን ፏፏቴውን ይይዛል የሚል ምርጫም ነበር፣ ያሸነፉትም ሰዎች ጨርቅ ሳይሆን ከረባት ነው የለበሱት።

ቋንቋና ሃይማኖት ቦታ አልነበራቸውም እያልኩ ነው? አይደለም። የተረፉት 11 ወንበሮች ከሞላ ጎደል የመጡት አካዲያኖች ከሚበዙበት ከሰሜንና ከምሥራቅ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሸሸ፣ አካዲያኑ ቆመ። ያኔ ነው ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት የሚገባው፦ ሥልጣኑ የመጣለት በምክር ቤት ውስጥ ነው፣ ሕዝቡ «አካዲያን ይምራን ወይ?» ተብሎ የተጠየቀው በ1925 ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። መልሱ ግን ከፏፏቴው፣ ከዕዳው፣ ከኦታዋ ቁጣ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ገባ። ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ጸሐፊው ለየሁት ካሉ ከእኔ የተሻለ ዓይን አላቸው።

«ፖለቲካው አበቃለት» የሚለው የመጨረሻው ነው፣ ደግሞም ከሁሉ የሚያስቀው። ከወረደ በዓመቱ፣ በ1926፣ ግሎስተርን ወክሎ ኦታዋ ፓርላማ ገባ። ማኬንዚ ኪንግ የፖስታ ሚኒስትር አደረገው። ከአካዲያን ወገን በፌዴራል ካቢኔ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እስከ 1930 ፖስታ ቤቱን መራ፣ የፓርላማ ወንበሩን ግን በ1936 እስኪሞት አልለቀቀም። ሲሞት በዚያው ወንበር ልጁ ክላረንስ ተመረጠ። ያበቃለት ፖለቲካ ይህ ከሆነ ስንቱ ፖለቲከኛ እንዲህ ባበቃለት።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቴምብር አለ። ባለፈው ዓመት ከሰንበት ገበያ በ3 ዶላር ነው የገዛሁት። የ1927 ነው፣ ካናዳ 60ኛ ዓመቷን ስታከብር የወጣ፣ ባለ 5 ሳንቲም፣ ሐምራዊ። መሐሉ ላይ ሎሪዬ አለ፣ የመጀመሪያው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር። የቴምብሩ ጠርዝ ጥርስ በአንድ በኩል ተቀድዷል፣ ማኅተሙም አገጩ ላይ አርፏል። በማጉያ ሳየው «ፖስት» የሚለው ቃል በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም ጎን ለጎን ተጽፏል። ካናዳ ሁለቱንም ቋንቋ ቴምብር ላይ ስታትም ያ ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር፣ ፖስታ ቤቱን የሚመራው ደግሞ ያ ፒክቱ ያደገው ፒተር ነው። (የኛዎቹ የ1909 ቴምብሮች ላይ እንኳ ፈረንሳይኛ ነበረ፣ የዓለም የፖስታ ቋንቋ ስለነበር። እኛ ካናዳን በ18 ዓመት ቀድመናታል ብዬ ባልደረባዬን ሳበሽቀው ውዬ አውቃለሁ።)

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። ከፈለጉ ቴምብሯን ፎቶ አንስቼ እልክላቸዋለሁ፣ ብቻ «ፈረንሳዊው» የምትለዋን ይሰርዙልኝ።